ዋሻው ውስጥ የቀሩት ሦስቱ

ኮረብታው ላይ የሞቱብን አሥራ አራት ናቸው። ጅማ ያለን የቀድሞ ወታደሮች በየዓመቱ ተሰብስበን የሞቱትን ስናስብ ግን ስማቸው የሚጠራው አሥራ አንድ ብቻ ነው። ናስር ከሰቃ፣ ከድር ከሰኮሩ፣ ታደለ ከቦሳ አዲስ፣ ሦስቱ አይጠሩም። ጥይት አልነካቸውማ። ይህ በደል ነው። መናገሩ ስለ ሰለቸኝ ጻፍኩት። ትምህርቴ መሠረተ ትምህርት ነው፤ ለዚህ ይበቃል።

ያኔ የሻምበሉ ቁስለኛ አንሺ ነበርኩ። ወደ ሰሜን ግንባር የመንቀሳቀስ ትእዛዝ ሲደርሰን አብዛኞቻችን የጅማና የዙሪያዋ ልጆች ነበርን። የፖለቲካ ሹማችን፣ ኮሚሳር የምንለው፣ ከቦርሳው የማይለይ የቬትናም ታሪኮች መጽሐፍ ነበረው፤ ወደ አማርኛ የተመለሰ። ከእራት በኋላ ያነብልናል። መጀመሪያ ፈረንሳይን፣ ቀጥሎ አሜሪካንን የታገሉ ገበሬዎች ከመሬት በታች ይኖራሉ። እዚያው ያበስላሉ፣ እዚያው ይወልዳሉ። ጠላት ሲያልፍ ከኋላው ብቅ ይላሉ። እውነቱን ለመናገር ወደድነው።

አንድ ምሽት ኮሚሳሩ መጽሐፉን አጠፈና «እኛም ዋሻ እንቆፍራለን» አለ። «ሦስት ሰው ውስጥ ይቆያል። ጠላት ሲያልፍ ከኋላ ይመታዋል።»

«ቬትናሞቹ ቀጫጮች ናቸው አቦ» አለ ከድር። «ይሄ ታደለ የዋሻው አፍ ላይ ተወትፎ ያስፈጀናል።»

«እኔ ከተወተፍኩ ጥይትም አያልፍ» አለ ታደለ። «ደህና ተኛ።»

ናስር ሰቃ ውስጥ የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበር። የእኛ አገር ቀይ አፈር ጉድጓድ ሲቆፈርበት ግድግዳው በራሱ ይቆማል፤ እንጨት የሚደግፍለት የለም። ሰሜን የያዝነው ያ ኮረብታ ግን ኮረትና አሸዋ ነበር። ናስር አገር ቤት እንደለመደው ቆፈረ፤ የተቀረነውም አገር ቤት እንደለመድነው አፈሩን አጋዝን። ድጋፍ ያስፈልገዋል ያለ ሰው አልነበረም። የጅማ ሰው ስህተት ነው።

በመጨረሻ ጣሪያው ኮረት ማርገፍ ሲጀምር ነው ናስር የነቃው። እኔ ቆሜ እየሰማሁ ሄዶ ለኮሚሳሩ ነገረው።

«ጓድ ኮሚሳር፣ ይሄ እንደኛ አገር አፈር አይደለም። እንጨት እስኪመጣ ባንገባ?»

«ለቬትናሞቹ እንጨት ማን አመጣላቸው?» አለው ኮሚሳሩ።

እኔ ቁስለኛ ተጠርቼ ሄድኩ። ከዚያ ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም።

ጎህ ሲቀድ መድፍ ጀመረ። ሦስቱ ዋሻው ውስጥ ነበሩ። እኛ ምሽጉን ያዝን። እነዚያ በግራ መጡ፤ እነሱም የዚሁ አገር ልጆች ናቸው። ተኮስን። የመቶ መሪያችን ወደቀ። ቁስለኛ በቃሬዛ አወረድን፤ ተመለስን። ረፋድ ላይ ተኩሱ በረደ። ከዋሻው የወጣ ሰው የለም። አፉ ተዳፍኗል። በአካፋ፣ ከዚያም በእጃችን ቆፈርን። መጀመሪያ ድምፅ ይሰማን ነበር። «ኢጆሌ» ይላል ናስር፤ ልጆች ማለቱ ነው። ከዚያ ዝም አለ። ከሰዓት በኋላ የማፈግፈግ ትእዛዝ መጣ። አሥራ አንዱን ቀበርን። ለሦስቱ መቃብር መቆፈር አላስፈለገም።

ኮሚሳሩ «የሥራ ላይ አደጋ» ብሎ ለበላዮቹ አሳወቀ። ስማቸው ከሟቾቹ ጋር ስላልተነገረ ሰቃ ላይ ናስር ከድቶ ጠፋ ተባለ። እናቱ ጎረቤት ፊት አንገታቸውን እንደደፉ ሞቱ። እኔ ሄጄ ነግሬአቸው ነበር። እሳቸው አመኑኝ፤ ሰቃ ግን አላመነኝም።

ኮሚሳሩ አሁን እዚሁ ጅማ ነው ያለው። በየዓመቱ ስም ጠሪው እሱ ነው። ድሮ እርስዎ እለው ነበር፤ እኩል ካረጀን ወዲህ አንተ እለዋለሁ። ስጠይቀው «ውጊያ ላይ አልሞቱማ ዘሃራ» ይላል። ሌላ ጊዜ «የድሮ ነገር አትቆስቁሺ» ይላል። ሌላ ጊዜ «በኋላ እንነጋገራለን» ብሎ ኮፍያውን ያነሳል። ያ በኋላ መጥቶ አያውቅም።

ዘንድሮ የልጅ ልጄ የሐያት የንባብ ማኅበር ስለ ቬትናም ሥነ ጽሑፍ እንዲናገር ኮሚሳሩን ጋበዘ። ሐያት ለዕለቱ የምታጠናውን ለእኔም አነበበችልኝ። ቬትናሞቹ ራሳቸው ጦርነቱ ካለቀ በኋላ የጻፉት ነው። ድል ብቻ አይደለም ያለበት። አፅሙ ያልተገኘ አለ፤ አፈር ተንዶበት የቀረ አለ፤ በገዛ ወገኑ ስህተት የሞተ አለ።

«እነዚህንም ይቆጥሯቸዋል?» አልኳት።

«አያቴ፣ መጽሐፉ እኮ በሙሉ ስለ እነሱ ነው።»

ሄድኩ። ኮሚሳሩ ስለ ዋሻ ተናገረ፤ ተጨበጨበለት። ተነሣሁ።

«እማማ፣ ጥያቄ በመጨረሻ ነው» አለኝ መድረክ መሪው ወጣት።

«እኔም መጨረሻዬ ላይ ነኝ ልጄ» አልኩትና ወደ ኮሚሳሩ ዞርኩ። «ቬትናሞቹ አፈር የተናደባቸውን ቆጥረዋል። አንተ ስለ ምን አትቆጥርም?»

አፈር ከጥይት የሚያንስ ሞት እንዳልሆነ እሱም ያውቃል። አሥራ አንድና ሦስት አሥራ አራት እንደሆነም ያውቃል። ይቅርታውን አልፈለግሁም፤ ስማቸው እንዲጠራ ብቻ ነበር። ቀና ብሎ ያየኝ ያን ዕለት ነው።

«ስማቸውን ብጠራ ማን አስገባቸው ይባላል» አለ። «ናስር አልገባም ብሎኝ ነበር ዘሃራ። ሽጉጥ አውጥቼ ነው ያስገባሁት።»