የሚረጋው ውሃ

ልጅ ሳለሁ የሰማሁትን ዛሬ ስጽፍ አንዳንዱን ሳላዛንፍ አልቀርም። የሰውዬውን ድምፅ አልረሳሁም፤ ግን የትኛውን ቃል እሱ እንዳለው፣ የትኛውን እኔ ከጊዜ ብዛት እንደጨመርኩበት መለየት እየተሳነኝ መጥቷል። እርግጠኛ ያልሆንኩበትን እርግጠኛ አይደለሁም እላለሁ። ይህን ጥንቃቄ ያኔ ባውቅ ኖሮ የምጽፈው ነገር ባልኖረ።

ያኔ አባቴ ዲላ ላይ ሱቅ፣ ጪጩ ደግሞ አነስ ያለች የቡና መጋዘን ነበረው። የመጋዘኗ ጠባቂ ጋሽ ዱካለ የሚባል የጌዴኦ ሰው ነበር፤ ረጅም፣ ዝግ ያለ፣ ሲያወራ ዓይኑን ከእሳቱ የማይነቅል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ አባቴ ጪጩ ይወስደኛል፤ ቡናውን ተረክቦ እስኪጨርስ እኔ ከጋሽ ዱካለ ጋር እቆያለሁ። አመሻሹ ላይ የቡና ገለባ ያነድዳል። የገለባ እሳት ነበልባል የለውም፤ ውስጥ ውስጡን ይግላል፣ ጭሱም ጉሮሮ ይከረክራል። ፋኖሱን ምሰሶው ላይ ይሰቅልና በእንሰት ቅጠል ጠቅልሎ ፍም ውስጥ የቀበረውን ቆጮ አውጥቶ ያካፍለኛል። ከዚያ ጉሮሮውን ይጠርግና፦

«ተረት ተረት» ይላል።

«የላም በረት» እላለሁ።

አንድ ደንብ ነበረው። የጅብና የጦጣ ነገር ሲሆን «ተረት ተረት» ይላል፤ በዓይኑ ያየውን ወይም ከሚያምነው ሰው የሰማውን ሲያወራ ግን አይልም። አንድ ጊዜ እኔው በራሴ «የላም በረት» ብዬ ብጀምርለት ተቆጣኝ። «ይሄ እውነት ነው» አለኝ። «ላምም በረትም የለበትም።»

የዓሣውን ወሬ የነገረኝ ያለ «ተረት ተረት» ነው።

በወጣትነቱ አባያ ሐይቅ ዳር ዓሣ ያጠምድ ነበር። እዚያ ዓሣ ማጥመድ የሚወድ አንድ ፈረንጅ ይመጣ ነበርና፣ ጋሽ ዱካለ ታንኳ እየቀዘፈ ደንገሉ መሃል ያስገባዋል። ፈረንጁም ስለ አገሩ ያጫውተዋል።

«በአገሩ ብርድ ሲመጣ» አለኝ ጋሽ ዱካለ፣ «በረዶ ላይ ተቀምጠው ዓሣ ያጠምዳሉ።»

ሳቅሁ። በረዶ ማለት ለእኔ ከዝናብ ጋር መጥቶ ቆርቆሯችንን የሚደበድበው፣ ለቅመን አፋችን ውስጥ ሳንከተው የሚያልቀው ነው።

«እዚያ ላይ እንዴት ይቀመጣሉ ጋሽ ዱካለ? ሱሪያቸው አይርስም?»

«ስማኝ እንጂ አንተ። ከሰማይ የሚወርደው አይደለም። አማርኛችሁ ሌላ ስም ስላልሰጠው ነው። ውሃዋ ራሱ ነው የሚረጋው። ቅቤ በብርድ ይረጋ የለ? እንደሱ።»

አማርኛው ላይ ወንድና ሴት ይቀላቀሉበት ነበር። ይህም ያስቀኝ ነበር።

ሳቄን ስጨርስ ቀጠለ። የዚያ አገር ሐይቆች ጥልቀት የላቸውም፤ ከሥራቸው ሣር የሞላባቸው ናቸው። ሰዎቹ የረጋውን ውሃ ይበሱና ስብርባሪውን በጭልፋ ጠርገው ያወጣሉ፤ ከዚያ ከቀዳዳው አጠገብ ዱካ ላይ ቁጭ ይላሉ። ዓሣው መዳፍ ያህላል፤ ጉንጩ አጠገብ ሰማያዊ ቀለም አለው። አነካከሱ ከመለስለሱ የተነሣ እጅ አያውቀውም፤ የማጥመጃ ዘንጉ ጫፍ እንደ ሽፋሽፍት ስትንቀሳቀስ ያየ ብቻ ይይዘዋል። ከታች ያለው ሣር አረንጓዴ እንደሆነ በቆየበት ዓሣው ይቆያል፤ ሣሩ ከበሰበሰበት ይሸሻል። ወደ ሐይቁ ሲገቡም ፊት የሚሄደው ሰው የብረት ዘንግ ይይዛል። የረጋውን ውሃ በዘንጉ ይመታና ድምፁን ሰምቶ ነው እግሩን የሚያነሣው።

«ሳይመቱ አይረግጡም» አለኝ። «ሰው ላይም እንደዚያ ነው።»

ይህን ወሬ ዲላ ወስጄ አባቴ ሱቅ ውስጥ አወራሁት። ገበያተኛው ሳቀ። በማግስቱም ደገምኩት። የቅቤውን ነገር ስጨምር ሳቁ እንደሚቀዘቅዝ ሳይ ቅቤውን ተውኩት። «ውሃዋ ራሱ» የሚለውን ግን አልተውኩም፤ እሱ ያስቃል። ከሚስቁት አንዱ የጋሽ ዱካለ እህት ጎረቤት ነበር። ሁልጊዜ ከረሜላ እየገዛልኝ «እስቲ የበረዶውን ድገማት» ይለኝ ነበር።

ይህ ጎረቤትና የጋሽ ዱካለ እህት ለካ በእንሰት ማሳ ድንበር ይካሰሱ ኖሯል። ነገሩ ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ለዳኝነት የሚቀመጡበት ሶንጎ ደረሰ። የጋሽ ዱካለና የእህቱ ሟች አባት ድንበሩ ላይ ዛፍ ሲተክል ያየው እሱ ብቻ ነበር፤ የእህቱ ማሳ የተንጠለጠለው በእሱ ቃል ነው። አባቴ ጠባቂዬ ነው ብሎ ሊያዳምጥ ሲሄድ እኔንም ወሰደኝ።

ጋሽ ዱካለ ያየውን ተናግሮ ሲቀመጥ ጎረቤቱ ተነሣ።

«አባቶቼ፣ የዚህን ሰው ቃል ከመቀበላችሁ በፊት ያንን የባለሱቁን ልጅ ጠይቁልኝ።»

«ልጅ አይመሰክርም» አሉ አንድ ሽማግሌ። ግን ፈገግ ብለው ጠሩኝ። «ና እስቲ። ምን ነገረህ?»

«ፈረንጆች በረዶ ላይ ተቀምጠው ዓሣ ያጠምዳሉ አለኝ።»

ዛፉ ሥር የነበረው ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። አንዱ ከኋላ «ዣንጥላውንስ ማን ይይዝላቸዋል?» አለ።

ሽማግሌው እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙ። «ሌላስ? የቀረህ ነገር አለ?»

ጋሽ ዱካለ አየኝ። እሳት ዳር ስናወራ አይቶኝ አያውቅም ነበር። ቅቤውን እየጠበቀ እንደነበር ያኔም አውቄያለሁ፤ ይህን አላዛንፍም። ከጎኑ ያለው ጎረቤትም እየሳቀ ያየኛል።

«የለም» አልኩ።

ጋሽ ዱካለ ራሱ ሊያስረዳ ሞከረ፤ ሳቁ ግን ቀድሞታል፤ «ውሃዋ ራሱ» ሲል ጭራሽ ባሰ። ሽማግሌዎቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ድንበሩ ግን ጎረቤቱ እንዳለው ሆነ፤ የደረሰው እንሰት ደግሞ ለጎረቤቱ በሄደው በኩል ነበር። እህቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወጣች።

በዚያው ሳምንት ጋሽ ዱካለ የመጋዘኑን ቁልፍ ለአባቴ መለሰ። አባቴ ሊያግባባው ቢሞክር «ቃሉ የማይታመን ሰው ዕቃ አይጠብቅም» ብሎ ወደ ሐይቁ ወረደ። እኔን አልተሰናበተኝም። አባቴ «አትጨነቅ፣ አልዋሸህም እኮ» ይለኝ ነበር። እውነትም አልዋሸሁም። ግማሹን ነው የተናገርኩት።

በቅርቡ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው የልጅ ልጄ «አባባ፣ ይሄን እይማ» ብላ ስልኳን ሰጠችኝ። ነጭ ሜዳ ላይ ሰዎች ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። አንዱ በጭልፋ ቀዳዳውን ጠርጎ መዳፍ የሚያህል ዓሣ አወጣ፤ ጉንጩ አጠገብ ሰማያዊ ነው። «ምነው አባባ፣ ምን ሆንክ?» አለችኝ። ጭስ ነው አልኳት፤ ቤት ውስጥ ጭስ አልነበረም። ከዚያ ዘመን የቀረልኝ የገለባ ጭስና ያቺ ምክር ናቸው። ዕድሜ ልኬን ደረጃውንም፣ ድልድዩንም ሳልመታ ረግጬ፣ ሰውንም ሳልፈትን አምኜ አላውቅም፤ ልጆቼ ፈሪ ይሉኛል። ምክሩን የሰጠኝን ሰው ፍለጋ ግን አንድ ቀን እንኳ ወደ ሐይቁ አልወረድኩም። ዛሬ ዝናብ ነው፣ ነገ ገበያ ነው እያልኩ ቀረሁ።

ስለ እሱ ለመጨረሻ ጊዜ ወሬ የሰማሁት ልጆቼ ገና ትንንሾች ሳሉ ነው። ከሐይቁ ዓሣ እያመጣች ዲላ የምትሸጥ ሴትዮ ነበረች፤ ፈራ ተባ እያልኩ ጠየቅኳት።

«ዱካለ በረዶን ነው የምትለው?» አለች። ስሙ ተከትሎት ወርዷል። «ደህና ነው፣ አርጅቷል እንጂ። ማታ ማታ የሰፈሩን ልጆች ሰብስቦ ውሃ ስለሚረጋበት አገር ያወራላቸዋል።»

ደስ አለኝ። «እንደ ቅቤ እንደሚረጋ ይነግራቸዋል?»

«እንዴታ። ልጆቹ እኮ በጣም ነው የሚወዱት፤ ገና ሲጀምር ጩኸታቸው እኛ ቤት ድረስ ይሰማል።»

«ለምን ይጮኻሉ?»

ዓሣውን በቅጠል እየጠቀለለች ሳቀችብኝ። «አንተ ደግሞ፣ ልጅ ሆነህ አታውቅም? እሱ ‹ተረት ተረት› ይላል፣ እነሱ ‹የላም በረት› ይሉታላ።»