የእናቴን ኤሊ ልናመጣ ወደ ሐረር

ማክሰኞ፣ ጎህ ሲቀድ፤ አዳማ

አባቴ ከእኔ ቀድሞ ተነስቷል። ግራጫ ሱፉን ለብሶ፣ ከረባቱን አስሮ፣ ጫማውን እንደ መስታወት ወልውሎ በረንዳው ላይ ቆሟል። የምንሄደው ኤሊ ለማምጣት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ ብዙአየሁ ካረፈች ዓመት ሊሞላት ነው። አባቴ ሐረር ወታደር በነበረበት ዘመን ጀጎል ግንብ ውስጥ ቤት ተከራይተው፣ ከአንዲት የሐረሪ ሙሽራ ጋር በአንድ ግቢ ይኖሩ ነበር። እኔ ገና ጡት ሳልጥል አባቴ ወደ አዳማ ተዛወረ፤ እናቴም ኤሊዋን ለዚያች ሙሽራ አደራ ሰጥታ መጣች። ሙሽራዋ ዛሬ አይ ፋጡማ ናቸው፤ «አይ» በሐረሪዎች ቋንቋ እናት ማለት ነው። ባለፈው ሳምንት ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ እኔ አርጅቻለሁ። ኤሊው ግን ወላሂ ምንም አልሆነም። የብዙአየሁ አደራ እጄ ላይ እንዳይቀር መጥታችሁ ውሰዱት።»

ለአባቴ ስነግረው «እሄዳለሁ» አለ። ደነገጥኩ። እናቴ ከሞተች ወዲህ አንድም ቀን ስሟን ጠርቶ አያውቅም። ሰው ስለ እሷ ማውራት ሲጀምር ተነስቶ ይወጣና አትክልት ያጠጣል። እናቴ ደግሞ ወሬዋ የማያልቅ ሴት ነበረች። ባሏ ግዳጅ በሄደ ቁጥር አንድ ነገር የምትሞክር፤ ብስክሌት የተማረች፣ የጦር ሰፈሩን ሙዚቀኞች ለጎረቤት ሰርግ «ተውሳ» ያመጣች። ለቅሶ ደራሹ ይህን ሁሉ ሲያነሳ ግቢያችን ረግረግ ሆነ። ጎመኑ በስብሶ አለቀ።

ማክሰኞ፣ ረፋዱ ላይ፤ አሰበ ተፈሪ

አዋሽን ስናልፍ ሙቀቱ፣ ሚኤሶ ላይ አቧራው፣ ከዚያ ጠመዝማዛው ዳገት። ሚኒባሱ ውስጥ ሦስት ዶሮ፣ አንድ ፍራሽና የሚያስነጥስ የበርበሬ ከረጢት አለ። አባቴ ከረባቱን አላላላም። ሾፌሩ በመስታወቱ ሲያየው ቆይቶ አላስቻለውም።

«ፋዘር፣ ሰርግ ነው?»

«ሥራ ነው» አለ አባቴ።

«ኤሊ ልናመጣ ነው» አልኩ እኔ።

ሾፌሩ ሁለት ጥምዝ አልፎ በመስታወቱ መልሶ አየን። «አቦ፣ ዘንድሮ ያልተጫነ ነገር የለም። የማን ኤሊ ነው?»

«የእናቴ ነው።»

መኪና ውስጥ የሚያጠጣው አትክልት የለምና አባቴ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ሐረር እስክንገባም አልመለሰውም።

ማክሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ፤ ጀጎል

ሸዋ በር እንደ ሁልጊዜው ይንጫጫል አሉ፤ እኔ ሁልጊዜውን አላውቀውም። ባጃጅ፣ አህያ፣ የማንጎ ክምር፣ የላስቲክ ጫማ ተራራ፣ «ሽንኩርት! ሽንኩርት!» የምትል ባለ ቀይ ሻሽ ሴት። በሩን አልፈን ወደ ውስጥ ስንገባ መንገዱ እየጠበበ ሄዶ፣ የአባቴ ሁለት ትከሻዎች የሁለት ቤቶችን ኖራ ይዘው ወጡ። ሱፉ ዱቄት እንደጫነ አህያ ጀርባ ተዥጎረጎረ።

አይ ፋጡማ አጭር ናቸው፤ ድምፃቸው ግን ረጅም ነው። «አልሐምዱሊላህ! መጣችሁ!» ብለው እኔን አገላብጠው ሳሙኝ፤ አባቴን ሁለት እጁን ይዘው አለቀሱለት። ነደባው ላይ፣ ያ ቀይ ቀለም የተቀባው የቤቱ መደብ ላይ፣ ምንጣፍ ተነጥፎልን ተቀመጥን። ትኩስ ፈጢራ፣ ያ በዘይት የተጠበሰ ስስ ቂጣ፣ ከነማሩ ቀረበ። አባቴ አልነካውም። ዓመቱን ሙሉ እንዲሁ ነው፤ ምግብ ያያል እንጂ አይበላም።

አይ ፋጡማ ወደ ግቢው ዞረው ምራታቸውን ተጣሩ። «ነኢማ! ሃምሳ አለቃ በላ ወይ?»

«ኧረ አልበላም!» አለች ነኢማ ከውጭ። «አልጋ ስር ገብቶ አልወጣም ብሏል!»

ሃምሳ አለቃ አባቴ ነው፤ በዚያ ማዕረግ ነው ጡረታ የወጣው። «እኔ እዚህ ነኝ» አለ ግራ ገብቶት።

አይ ፋጡማ አፋቸውን በሻሻቸው ጫፍ ያዙ። «ያረቢ! እርስዎን አይደለም...»

ትልቅ ድስት የሚያህል ኤሊ ከአልጋው ስር ወጥቶ በሩን እየታከከ ገባ።

«ስሙ ሃምሳ አለቃ ነው?» አለ አባቴ።

«መጀመሪያ አስር አለቃ ነበር። እርስዎ ሲሾሙ ብዙአየሁ ከአዳማ ደወለች፤ እሱንም ሾምነው። ሙዝ አበላነው።»

«እዚህ ስኖር እንዲህ ተብሎ ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም!»

«እርስዎ ለእረፍት ሲመጡ ማዕረጉን እንገፈው ነበር። 'ኤሊው' ብቻ እንለው ነበር።»

እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። «ሐረር ኖሮማ ጫትም ይቅማል?»

«አስተግፊሩላህ!» አሉ አይ ፋጡማ። ትንሽ አሰቡና፣ «ጁምዓ ጁምዓ ብቻ» አሉ።

የአባቴ ጆሮ ቀላ። «በእኔ ስም ለምን?»

አይ ፋጡማ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በጦርነቱ ጊዜ እርስዎ ሞቱ የሚል ወሬ መጣ። እኛ ስናለቅስ ብዙአየሁ አላለቀሰችም። በማለዳ የጫት መኪና ላይ ወጥታ ወደ ጅጅጋ ሄደች። የት ገባች ስንል፣ ኤሊ ታቅፋ መጣች። መንገድ ላይ መኪናው ሊጨፈልቀው ሲል ሾፌሩን አስቁማ ያነሳችው ነው። 'ባሌ በሕይወት አለ፤ እስኪመጣ ግን በዚህ ቤት ስሙ መጠራቱ አይቅር' አለች። ማታ ማታ 'አስር አለቃ፣ ና እራት!' ትለዋለች። አንዳንዴ ደግሞ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ቁጭ አድርጋ ትሰድበዋለች።»

አባቴ ተነስቶ ወጣ። ግቢው ውስጥ የሮማን ዛፍ አለ፤ አጠገቡ ጆግ አለ። እስኪመሽ አጠጣው።

ረቡዕ ጠዋት፤ ሸዋ በር

ያመጣነው ዘንቢል ለኤሊው ጠበበው። አባቴ ኤሊውን እንደ ሕፃን ደረቱ ላይ አቅፎ መኪና መሳፈሪያው ድረስ ተሸከመው። ረዳቱ መንገድ ዘጋብን።

«አባባ፣ ይሄ ዕቃ ነው ተሳፋሪ?»

«ዕቃ አይደለም» አለ አባቴ በቁጣ።

«ታዲያ ስም አለው?»

«ሃምሳ አለቃ ነው» አልኩ፤ ምላሴን በቆረጠው።

«ለሃምሳ አለቃ ቦታ ልቀቁ!» ብሎ ረዳቱ ጮኸ። ሰው ተሰበሰበ። አንዱ ኤሊው መታወቂያ ይኑረው ሲል፣ ሌላው ሰላምታ ሰጠው። ያን ጊዜ ሃምሳ አለቃ፣ ኤሊው ማለቴ ነው፣ ለረጅም ጊዜ ያጠራቀመውን ሁሉ ለቀቀው። ከከረባቱ ጀምሮ፣ በሱፉ ወርዶ፣ እስከተወለወለው ጫማ።

የተሰበሰበው ሰው ወደ ኋላ ሸሸ። የወታደር ቁጣ ጠበቅሁ። አባቴ ጫማውን አየ፤ ኤሊውን አየ፤ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እየሳቀ ነው። አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ ኤሊውን ጭኑ ላይ አድርጎ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። እንባው ግን ሳቁ ሲያበቃ አልቆመም።

«ብዙዬ» አለ። «ብዙዬ... ብዙዬ...»

ባለ ቀይ ሻሿ ሽንኩርት ሻጭ መሸጫዋን ትታ መጣችና ሻሿን ፈትታ ሰጠችው። «አይዞዎት አባባ» አለችው፤ «ሲታጠብ ይለቃል።»

ረቡዕ፣ እኩለ ቀን፤ ጀጎል እንደገና

አይ ፋጡማ የሟች ባላቸውን ሽርጥ አወጡለት። ሱፉ ገመድ ላይ ይንጠባጠባል፤ አባቴ ከላይ ካናቴራ፣ ከታች አረንጓዴ ሽርጥ አድርጎ ነደባው ላይ ተቀምጧል።

«ይሄ ሰው እዚሁ ይቆይ» አለ ኤሊውን እያየ። «በዚህ ዕድሜ ዝውውር አይሰጥም።»

«እኔ እይዘዋለሁ» አለች ነኢማ። «ቀድሞስ ውሰዱልኝ ያለ ማን ነው? ማንም አልጠየቀኝም እኮ!»

አይ ፋጡማ «ማሻአላህ» ብለው ነገሩን ዘጉት።

ከዚያ አባቴ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ስለ እናቴ ማውራት ጀመረ።

«እግሬ ቆስሎ ድንኳን ውስጥ ተኝቻለሁ። አንድ የጫት መኪና እየበረረ መጥቶ ሰፈሩ መሃል ቆመ። ዘበኞቹ ጠመንጃ ደገኑ። እናትሽ ወረደች፤ ከአቧራው ዓይኗ ብቻ ነው የሚታየው። አዛዡ 'ማን ነሽ?' አላት። 'ሞተ ያላችሁትን ሰው ላረጋግጥ ነው የመጣሁት' አለች።»

«ከዚያስ?»

«ድንኳኑን ገልጣ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። 'እጅህ ደህና አይደለም እንዴ? ምነው አለሁ ብለህ አትጽፍም?' ብላ በሠራዊቱ ፊት ሰደበችኝ። አዛዡም ከእሷ ጋር ሆኖ ሰደበኝ።»

«አንተስ ምን አልክ?»

«ምን እላለሁ» አለ አባቴ። «ተኝቼም ቢሆን ሰላምታ ሰጠኋቸው፤ ለሁለቱም።»

ነኢማ በሳቅ ግድግዳው ላይ ተደገፈች። አባቴ ፈጢራውን ወደ ራሱ ሳበ፤ ማር አፈሰሰበት፤ ጠቅልሎ ጎረሰ። አፉ እንደሞላ፣ እናቴ ከድሬ ጠያራ ገበያ በግ ገዝታ በታክሲ፣ ያውም ከፊት ወንበር አስቀምጣ ያመጣችበትን ቀን ማውራት ቀጠለ። የአዳማው መኪና ያለ እኛ ሄደ።