አውራ ጣቴ ሥር የተደበቀው መስመር

መጽሐፉን የገዛሁት ለነፍሴ ብዬ ነበር። ሆሳዕና መናኸሪያ አጠገብ ፕላስቲክ አንጥፎ መጻሕፍት የሚሸጥ ሰው አለ። ከሾኔ የሚመጣውን ባለቤቴን እየጠበቅኩ ጎንበስ ብዬ ስመለከት፣ ርዕሱ ውስጥ «ንስሐ» የሚል ቃል ያለበት፣ ሽፋኑ ላይ አንዲት ጧፍ የምትበራበት ወፍራም መጽሐፍ ዓይኔ ገባ።

«እትዬ፣ ይሄ አንዴ ከተጀመረ አይቀመጥም። እንቅልፍ ይነሳል» አለኝ ሻጩ።

ኃጢአቱን የሚያስብ ሰው እንቅልፍ ቢያጣ ምን ይገርማል ብዬ ገዛሁት። ቤት ወስጄም ከውዳሴ ማርያሜ አጠገብ አስቀመጥኩት።

በማግስቱ ገለጥኩት። በሁለተኛው ገጽ ሰው ሞተ። በሃያኛው ገጽ ሌላ ሰው ሞተ፤ አጠገቡ ግማሿ የነደደ ጧፍ ተገኘች። ንስሐ የገባ ግን እስካሁን የለም። በስመ አብ ብዬ ዘጋሁትና ከጸሎት መጽሐፌ አርቄ ልብስ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። ወጥ እስኪሞቅ ድረስ እንኳ አልታገስኩም፤ መልሼ አወጣሁት።

ነገሩ የተጀመረው ግን ከሦስት ዓመት በፊት ነው። እኔ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ። ባለቤቴ መንገድ ሥራ ላይ ግሬደር ይነዳል፤ ሥራው ወደዚህ ሲያመጣው ተከትዬው መጣሁና ተወዳድሬ አንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ገባሁ። በሦስተኛው ቀን አንዲት የአገሩ ልጅ የሆነች ነርስ፣ በዕድሜ ከእኔ ብዙ የምታንስ፣ በሩን ከፈት አድርጋ፣ «ነይ፣ ምሳ እንብላ» አለችኝ። እኔም አስተዳደጌ ሆነና፣ «በእኛ አገር ታላቅን ‹ይምጡ› ነው የሚባለው» አልኳት። ፈገግ ብዬ የተናገርኩ መስሎኝ ነበር። ልጅቷ ፊቷ ልውጥ አለ። «ይቅርታ፣ እርስዎ» ብላ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጤና ጣቢያው በሙሉ «እርስዎ» አለኝ። እርስ በርሳቸው «አንተ»፣ «አንቺ» እየተባባሉ ይሰዳደባሉ፣ ከአንድ ሳህን ይጎራረሳሉ። እኔ ስገባ ሀድይኛቸውን አቋርጠው ወደ አማርኛ ይዞራሉ፤ አማርኛውም የቢሮ ደብዳቤ ይመስላል። አክብሮት ነው፣ አውቃለሁ። ግን ከባለቤቴ በቀር «አንቺ» የምትለኝ እህቴ ብቻ ነበረች፤ እሷም ስልክ ውስጥ ናት። ራሴ ያስተማርኳቸውን ቃል መልሼ «ተዉት» ማለት ደግሞ እንዴት ይሆናል? ሦስት ዓመት ሙሉ ምሳዬን ካርድ ክፍል ብቻዬን በላሁ።

መጽሐፉን ሥራ ቦታ ይዤው ሄድኩ። በካርድ ክላሰር መሃል ደብቄ ሳነብ ያቺው ነርስ ደረሰችብኝ።

«እትዬ፣ ምን እያነበቡ ነው?»

«የንስሐ መጽሐፍ።»

አንገቷን አስግጋ አየች። «‹ሬሳ› ይላል እኮ!»

ወሬው ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ጤና ጣቢያውን አዳረሰ። እትዬ የነፍሰ ገዳይ ልብ ወለድ ያነባሉ! ላቦራቶሪ የሚሠራው የዱራሜ ልጅ መጣ፤ ካቶሊክ ነው፣ ቀልደኛ፣ ሁሉም «ዱራሜ» እያሉ የሚጠሩት። ከበሩ ማዶ ሱቅ ያላት የጉራጌ ሴትም ሱቋን ለእህቷ ትታ መጣች። ሦስቱም መጽሐፉን ፈለጉት፤ መጽሐፉ ግን አንድ ነው። «ለኔ ሦስት ቀን»፣ «ለኔ ሁለት ቀን» እየተባባሉ ሲጨቃጨቁ፣ «ምሳ ሰዓት ላይ እኔ ጮክ ብዬ ላንብብላችሁ» አልኩ። እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም። «ግን ጾመ ነቢያት ሳይገባ እንጨርስ። በጾም ሬሳ አላነብም።»

ሁለት ሳምንት ነበረን። ሦስቱ ምሳቸውን ይዘው ካርድ ክፍል ገቡ፤ አግዳሚው ላይ ተደርድረው ቆጮና ጎመን እየበሉ አዳመጡኝ።

ታሪኩ በአንዲት የደጋ ከተማ ነው፤ ፋርማሲስት፣ ባጃጅ ነጂ፣ ለእስረኛ ዳቦ የሚልኩ ጡረተኛ መምህርት፣ ሥጋ ሻጭና ሚስቱ አሉበት። አንድ ሰው በጎህ እየተነሳ የሰው በር ያንኳኳል፣ ይገድላል፣ ወለሉን አጽድቶ ጧፍ ለኩሶ ይሄዳል። ገዳዩ በራሱ አፍ የሚናገርባቸው ምዕራፎች አሉ፤ «ጠበቅኩ፣ አንኳኳሁ፣ ጧፏን ለኮስኩ» ይላል። ደራሲው ተንኮለኛ ነው። በአማርኛ «አንኳኳሁ» ያለ ሰው ወንድ ይሁን ሴት በምን ይታወቃል?

«ሴት ናት፣ ወላሂ!» አለች ባለሱቋ። «ከገደለ በኋላ ወለል የሚወለውል ወንድ አይታችሁ ታውቃላችሁ?»

«የእኔ ላቦራቶሪ ወለል ምን ሆነ?» አለ ዱራሜው።

«ያንተንማ የምትወለውለው ጽዳቷ ናት፣ ውሸታም!»

ሦስተኛው ሰው ሲሞት አራታችንም በየሃይማኖታችን ጮህን። እኔ «በስመ አብ» አልኩ፣ ነርሷ «ጌታ ሆይ»፣ ባለሱቋ «ያ አላህ»፣ ዱራሜው ደግሞ «ማሪያምን፣ ፋርማሲስቱ ነው!» አለ። ወዲያው ውርርድ ተያዘ። ዱራሜው አንድ የሽንት መመርመሪያ ዕቃ አመጣ፤ አዲስ ለመሆኑ ምሎ አሳመነን። የምንጠረጥረውን በማዘዣ ወረቀት ጽፈን አጣጥፈን ከተትንበት። የተሸነፈ ጾሙ ሳይገባ በቅቤ የራሰ አታካና፣ የአገሩን የቡላ ምግብ፣ ሊያበላ።

እንደዚያ ተደስቼ አላውቅም። ሌሊቱ ቶሎ ነግቶ፣ ጠዋቱ ቶሎ አልፎ ስድስት ሰዓት ተኩል እንዲሆን እጓጓ ነበር። ችግሩ ደም ነው። ደም ያለበት ቦታ ስደርስ አንደበቴ እሺ አይለኝም። አውራ ጣቴን መስመሩ ላይ እጭንና ዘልዬ፣ «ከዚያም ሰውየው ዐረፈ» ብዬ እቀጥላለሁ።

«ዐረፈ?» አለ ዱራሜው አንድ ቀን። «በቢላዋ የተወጋ ሰው ዐረፈ ይባላል? እትዬ፣ እኔ እኮ ቀኑን ሙሉ ደም ስቀዳ ነው የምውለው። ከእኔ ደም ይደብቃሉ?»

ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። እሱ ግን ወዲያው ቀጥ ብሎ ተቀመጠና፣ «ይቅርታ፣ እትዬ፤ እርስዎን ማለቴ አይደለም» አለ። ያቺ «ይቅርታ» ከፌዙ ይልቅ አመመችኝ።

አንድ ጠዋት ለኪዳን ስወጣ ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። ፈጠን ስል ኮቴውም ፈጠነ። ገና አልነጋም፣ እጄ ላይ ያለችው ደግሞ ጧፍ ናት። መዝሙረ ዳዊት ጀመርኩ፤ መሃሉ ጠፋኝ። በመጨረሻ ዘወር ስል፣ ዳቦ ልታመጣ የወጣችው ባለሱቋ እያለከለከች ደረሰችብኝ።

«እትዬ፣ መቼም ቤት ሲገቡ ቀድመው አንብበውታል። የሥጋ ሻጩ ሚስት ናት አይደል? ንገሪ... ይንገሩኝ።»

ሳቅሁ። «ንገሪ» ልትለኝ ነበር። በአፏ ጫፍ ላይ መጥቶ ተመለሰ። ኪዳን ቆሜ ስለዚያች ቃል ማሰቤን እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። መጽሐፉን ግን ቀድሜ አላነበብኩም፤ ለሦስቱ የገባሁትን ቃል ጠብቄያለሁ። ዱራሜው በቴሌግራም ፒዲኤፉን ፈልጌ መጨረሻውን አያለሁ ብሎ ሲዝት እንኳ፣ «ካየህ ከሱቄ የሞባይል ካርድ አትገዛም» ብላ ያስቆመችው ባለሱቋ ናት።

ሐሙስ ደረሰ። ጾሙ ሰኞ ይገባል፤ ዓርብ የክትባት ዘመቻ ስላለ ምሳ ሰዓት የለንም። የቀረን አሥር ገጽ ነው። አምስት ሰው ሞቷል። ተጠርጣሪዎቹ አራት ናቸው፤ ፋርማሲስቱ፣ ባጃጅ ነጂው፣ ሥጋ ሻጩና ሚስቱ። ላነብ ስል ሐኪሙ አንድ ካርድ በአስቸኳይ ፈለገ። መጽሐፉን አግዳሚው ላይ ትቼ ሄድኩ። ስመለስ ሦስቱም ቆመዋል። ነርሷ መጽሐፉን ይዛለች።

«ገጽ መቶ አርባ ሁለት» አለች። «ይሄ መቼ ተነበበልን?»

«ምኑ?»

«ስድስት መስመር! መቶ ዘጠናም ላይ አለ! ሰማንያም ላይ አለ!»

«ለእናንተው ብዬ ነው፤ ምሳ ላይ ናችሁ» አልኩ።

«ምሳችንን ይተዉትና ማስረጃችንን ይመልሱልን!» አለች ባለሱቋ።

«ፍርድ ቤት ቢሆን ማስረጃ በመደበቅ ይታሰራሉ» አለ ዱራሜው። መቀለዱ ይሁን የምሩን አላወቅኩም፤ ፊቱ ኮስተር ያለ ነበር። «አሁን እያንዳንዷን ጠብታ ያነባሉ።»

በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ተቆጥቶኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ፈራሁ። ይህችን አግዳሚ በጣቴ አጣኋት አልኩ በልቤ፤ ከሰኞ ጀምሮ ደግሞ ብቻዬን ልበላ ነው። መጽሐፉን ተቀብዬ አማተብኩና ሰማንያኛውን ገጽ ገለጥኩ። ደሙን ከነጠብጣቡ አነበብኩ። ቀጥዬ መቶ አርባ ሁለትን።

«‹በሩን ከፈተ። እርስዎ? በዚህ ጠዋት? አለ። ቢላዋው ...›» ብዬ ቆምኩ።

«ደሙ ገና ነው፣ ይቀጥሉ» አለ ዱራሜው።

«ቆይ። ሟቹ ‹እርስዎ› ብሏል።»

«ታዲያስ? ጨዋ ሰው ነበራ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ቃሏን አልፏት ይሄድ ነበር። እኔ ግን በሦስት ዓመት ውስጥ በየቀኑ የሰማኋት ቃል ናት፤ ከሩቅም እለያታለሁ። «ፋርማሲስቱን ‹እርስዎ› የሚለው ማነው?» አልኩ። «ወጣት ነው፣ ከተማው ሁሉ ‹አንተ› ነው የሚለው።»

ነርሷ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ባጃጅ ነጂውንም አንተ ነው የሚሉት። ሥጋ ሻጩንም።»

«ሚስቱንም አንቺ ነው የሚሏት» አለች ባለሱቋ፣ ውርርዷ ከእጇ ሲወጣ እያየች።

በሩ ድንገት ሲንኳኳ አራታችንም ጮህን። ዘበኛው ነው፤ «ሲስተር፣ በሽተኛ ተሰልፏል።»

«ሰባት ተኩል አልሆነም!» ብላ ነርሷ በሩን መልሳ ዘጋችበት። ከዚያ ዞር ስትል ዓይኗ ፈጠጠ። «ጡረታ የወጡት መምህርት! በየእሑዱ ለእስረኛ ዳቦ የሚልኩት! እሳቸውን ነው ሁሉም ‹እርስዎ› የሚለው! ውይ አንቺ! እሷ ናት እኮ! አንብቢ! በናትሽ አንብቢ!»

ልቤ ደረቴን ደበደበው። በገዳይዋ ይሁን በ«አንብቢ»፣ እስካሁን መለየት አልችልም።

«ፍጠኚ እንጂ!» አለች ባለሱቋ ክንዴን ይዛ። «ሃያ ደቂቃ ነው የቀረሽ!»

«ታንብብ፣ ዝም በይ አንቺ ደግሞ!» አላት ዱራሜው፤ ለእኔም፣ «ድምፅሽን ከፍ አድርጊው» አለኝ።

እንዲያ አንብቤ አላውቅም። ቃል ሳልዘል፣ አራት ነጥብ ላይ ሳልቆም፣ ጣቴን ከገጹ ላይ አንስቼ ነጎድኩ። መርማሪዋ የመምህርቷን በር አንኳኳች። ጧፎቹ ከመሶቡ ሥር ተገኙ። ባለሱቋ ጭኗን መታች፣ ነርሷ እግሯን አግዳሚው ላይ ሰበሰበች። ከዚያ መምህርቷ መናዘዝ ጀመሩ፤ ለካ ርዕሱ ላይ ያለችው «ንስሐ» ይህች ነበረች። አንድ መስመር ላይ ስደርስ ብቻ ቀስ አልኩ። «‹ሁሉም አክብሮኝ በሩቅ ይቆማል። ቀርቦ ፊቴን ያየ ሰው አልነበረም› አሉ።» ቀና ስል ሦስቱም እያዩኝ ነበር። ዓይኔን ወደ ገጹ መልሼ ቀጠልኩ።

ሰባት ተኩል ላይ መጽሐፉን ዘጋሁት። ዱራሜው ዕቃውን ከፍቶ ወረቀቶቹን አነበበ፤ አራታችንም ተሸንፈናል፣ የእኔም ፋርማሲስቱ ይላል። አታካናውን ማን ያብላ የሚለው ጭቅጭቅ እስከ ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ። ነርሷ ጋወኗን እያስተካከለች በሩ ላይ ስትደርስ ድንገት አፏን በእጇ ያዘች።

«ውይ፣ እትዬ፣ ይቅርታ። አንቺ አልኩዎት እኮ።»

«ተዪው» አልኳት። «‹እርስዎ› የሚባሉት ሴትዮ ታስረዋል።»

እየሳቀች ወጣች። እኔ ግን እርግጠኛ አልነበርኩም። በሞቅታ የወጣ ቃል ሲበርድ ይመለሳል፤ ዓርብ በክትባቱ ግርግር ማንንም አላገኘሁም፣ ቅዳሜና እሑድንም ይህንኑ ሳስብ አሳለፍኩ።

ሰኞ ጾም ነው። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ካርድ እየደረደርኩ ሳለ በሩ ከፈት አለ። ነርሷ አልገባችም፤ ራሷን ብቻ ብቅ አደረገች።

«ነይ» አለችኝ። «ጎመኑ ቅቤ የለውም።»