የሃጂራ ሥዕሎች የጠፉበት ዓርብ

ሃጂራ ሐቢብ በሬ ትሥል ነበር። በወረቀት አይደለም፤ በኮምፒውተር መስኮት ላይ፣ ከምስር ፍሬ እምብዛም በማትበልጥ ቦታ። ቀንዱ ሁለት ነጥብ ነው፣ ጀርባው አንድ መስመር፤ ግን በሬ ነው፣ ማንም አይቶ ሌላ አይለውም። ከበሬው ጎን ቤት፣ ከቤቱ ጎን ቀለበት፣ ከዚያ ሕፃን፣ ከዚያ ቁልፍ። አምስቱም ከመስኮቱ ራስ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል።

ለጨዋታ የሣለቻቸው አልነበሩም። ከአዘዞ በማይርቀው የከተማችን አራዳ ውስጥ፣ አቶ ላቀው በሚባሉ ጡረተኛ ጸሐፊ ቤት፣ ባለጉዳይ የሚያመጣውን ማመልከቻ የምትጽፍ እሷ ነበረች። የመሬት ክርክር ይዞ የመጣ ሰው ሲቀመጥ በሬውን ትነካዋለች፤ ወዲያው «ጉዳዩ፦ የእርሻ መሬት ይዞታን ይመለከታል» የሚለው ከነአገባቡ ተጽፎ ይወጣል። የቤት ክርክር ከሆነ ቤቱ፣ ፍቺ ከሆነ ቀለበቱ፣ ቀለብ ከሆነ ሕፃኑ፣ ውርስ ከሆነ ቁልፉ። ባሕር ዳር ሁለት ሳምንት ሠልጥና መጥታ ከዚያ ወዲያ በራሷ አሰላስላ ያበጀችው ነው። እንግሊዝኛውን አጥርታ አታነበውም ነበርና የምትፈልገውን ሁሉ በሥዕል አድርጋ ከራስጌ ሰቀለችው። ገጠሬው አንገቱን አስግጎ እያየ «በሬዬን አገኘሽው?» ይላታል። «አገኘሁት፣ ጠፍቶ ከሰው ማሳ ገብቶ ነበር» ትለዋለች። ይሥቃሉ።

አባቷ ሐቢብ ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ አያትየውም እንዲሁ። ልጃቸው ሱቅ እንድትቀመጥላቸው ነበር ምኞታቸው። እሷ ግን የታይፕ ትምህርት ቤት ገብታ ጣቷ እንደ በረዶ የሚወርድ ጸሐፊ ሆነች። አባቷ በሱቁ ደጅ የሚያልፈውን ሁሉ እየጠሩ «ክስህን የጻፈችልህ የኔ ልጅ ናት» ሲሉ እኔው በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

እኔ አየለች እባላለሁ። በዚያ ቤት ጽዳት ሠራተኛ ነበርኩ። ማንበብና መጻፍ የተማርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፣ ከዚያ አላለፍኩም። ሃጂራ እትዬ ትለኝ ነበር። ከምሳዋ ሳታካፍለኝ በልታ አታውቅም፤ በኔ ጾም ቀን ደግሞ የሷን ደብቃ ነው የምትበላው። አንድ ነገር ብቻ ከልክላኛለች፦ «እትዬ፣ ማሽኑን ጨርቁን አልብሺው እንጂ ሌላውን ተይው።»

ዘጠና አራት ዓመተ ምሕረት ነው፣ ጥር ውስጥ። ዓርብ ዓርብ ለሶላት ወደ ቤቷ ትሄዳለች፤ ያን ዓርብም ሄዳለች። አቶ ላቀውም ለምሳ ወጥተዋል። ብቻዬን ነበርኩ። ማሽኑ አልጠፋም፣ ሥዕሎቹ ከላይ ተደርድረዋል። ወንበሯ ላይ ተቀመጥኩ። እግዜር ያሳያችሁ፣ የአርባ ስምንት ዓመት ሴት! በሬውን ልነካው ፈለግኩ፣ ሌላ ምንም አላሰብኩም። ማውስ የሚሉትን ይዤ ቀስቱን እየጎተትኩ ወሰድኩትና ተጫንኩ። እሷ ግራውን እንደምትጫን አላስተዋልኩም ኖሯል፤ ቀኙን ተጫንኩት።

ረጅም ዝርዝር ዱብ አለ፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ። ደነገጥኩ። ሁለት ሦስቱ መስመር አጠገብ የእርማት ምልክት አለ። ያኔ መሠረተ ትምህርት ላይ መምህራችን ልክ የሠራን እንደሆነ በቀይ የሚያደርግልን ምልክት። እኔ ደግሞ ይኼ ልክ የሆነው ነው፣ እሱን ብነካ ዝርዝሩ ደህና ሆኖ ይዘጋል አልኩ። የመጨረሻውን ባለምልክት ነካሁ። ዝርዝሩ ተዘጋ። በሬው፣ ቤቱ፣ ቀለበቱ፣ ሕፃኑ፣ ቁልፉ አብረው ጠፉ።

ጨርቁን አለበስኩትና መጥረጊያዬን ይዤ ወጣሁ።

ሃጂራ ስትመለስ አያ ቢያዝን የሚባሉ ከዳባት የመጡ ሽማግሌ በረንዳው ላይ ይጠብቋት ነበር። የይግባኛቸው ቀን የሚያበቃው በዚያው ቀን ነው። ጨርቁን ገለጠች። «እንዴ» አለች። ዘግታ ከፈተችው። እንደገና ዘግታ ከፈተችው።

«ምነው ልጄ?» አሉ አያ ቢያዝን። «በሬው ዛሬም ከሰው ማሳ ገባ?»

አልሣቀችም። አቶ ላቀው ገብተው ከጀርባዋ ቆሙ።

«ምን ሆነ?»

«ሥዕሎቼ የሉም፣ ጋሼ።»

«የት ይሄዳሉ? ነካክተሽ ነዋ። ያን ሁሉ ከማይገባሽ ነገር ጋር ስትታገዪ ተይ ብዬሽ ነበር። አንቺ የታይፕ ሰው ነሽ።»

«አልነካሁም። ስሄድ ነበሩ።»

አቶ ላቀው ወደኔ ዞሩ። «አየለች፣ እሷ ከሄደች ወዲህ የገባ ሰው አለ?»

«የገባ ሰው የለም ጌታዬ» አልኩ። እውነት ነው፤ የገባ ሰው አልነበረም። ቃሉን እንዲህ መርጬ መናገሬን እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ። መርጬ ነው የተናገርኩት።

ዓለምነው የሚባል የራዲዮ ጠጋኝ ተጠራ፤ ኮምፒውተር የጀመረው በቅርቡ ነው። መስኮቱን አየና «ሁሉም አለ እኮ፣ ምንድን ነው የጎደለው?» አለ። የሁሉ ሰው ማሽን ላይ ያለው ሁሉ በቦታው ነበር። የሃጂራን ተርታ አይቶት ስለማያውቅ መጥፋቱ ሊገባው አልቻለም። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቀ፦

«መጨረሻ ላይ ምን ተነካ? እሱን ብቻ ንገሩኝ።»

ሃጂራ «ምንም» አለች። አቶ ላቀው አፋቸውን አጣመሙ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ቀኙን ተጫንኩ፣ ዝርዝር ወጣ፣ ምልክት ያለበትን ነካሁ ማለት ነው የቀረኝ። ሦስት ቃል። ባባረሩኝስ? ብዬ አሰብኩ። ከሥራው ይልቅ ግን እውነቱን ልናገርና የፈራሁት ሌላ ነው፦ ወንበሯ ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን ሥዕል ልነካ መሞከሬን መስማቷን።

«እንግዲያው ፎርማት ነው፣ ሁሉም ታጥቦ እንደ አዲስ ይጫናል» አለ ዓለምነው።

«ሥዕሎቼስ?» አለች።

«ደብዳቤዎችሽን በዲስክ አወጣልሻለሁ። ሌላው ይሄዳል።»

አያ ቢያዝንን በረንዳው ላይ ያለው አሮጌ ታይፕ አጠገብ አስቀምጣ ጻፈችላቸው። ፍርድ ቤቱ ሳይዘጋ ደረሱ። «ይችስ ማኪና ሸጋ ናት» አሉ ሲሄዱ፣ «ስትሠራ ትጮሃለች፤ ሰው ያውቃል።» የዚያን ቀን የሣቀ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ማሽኑ ታጥቦ ተመለሰ። ሃጂራ ከዚያ ወዲያ አንድ ፊደል ነክታ መስኮቱን አይታ ነው ሌላውን የምትነካው፤ አቶ ላቀው ከጀርባዋ እየቆሙ «ቀስ፣ ቀስ፣ እንዳታበላሺ» ይሏታል። ሥዕሎቹን እንደገና ልትሠራ አልሞከረችም። ወሩ ሳያልቅ ራሷ ለምና ወደ ታይፑ ተመለሰች። በታይፕ የሚያጽፍ ሰው ደግሞ እያነሰ ሄደ። በዓመቱ ሥራውን ለቃ አባቷ ሱቅ ገባች። ሱቅ እያለች አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ፈልጎ ሲያስጠራት «የኔ እጅ ለማሽን አይሆንም፣ ያጠፋል» ብላ እንደመለሰች ሰማሁ። ያን የሰማሁ ቀን እንኳ አልተናገርኩም።

በሁለት ሺህ ስድስት መታወቂያ ላሳድስ ቀበሌ ሄድኩ። የምትጽፈው ልጅ «ኧረ ቱልባሬ ጠፋ!» ብላ ጮኸች፤ ከመስኮቱ ራስ ላይ ያለውን የሥዕል ተርታ ማለቷ ነው። አጠገቧ ያለችው ሳትነሣ እጇን ዘርግታ ቀኙን ተጫነች፤ ያ ዝርዝር ወጣ፤ አንዱን መስመር ነካች፣ ምልክቱ ተመለሰ፣ የጠፋውም ተመለሰ። ሻሽ የማሠር ያህል ጊዜ አልፈጀም። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ አጥፍቼው ነበር የሚመስለኝ። አልጠፋም ኖሯል፤ ተደብቆ ነበር። ያጠፋው የኔ ዝም ማለት ነው። መታወቂያዬን ሳልወስድ ወጣሁ።

ሃጂራ አግብታ አዘዞ ነበረች። በሚኒባስ ሄድኩ። እንደ ድሮው እትዬ ብላ አቅፋ ሳመችኝ፣ ምግብ አቀረበች። አልበላሁም። ቆሜ ነገርኳት፣ ቀኙን መጫኔንም፣ ምልክቱንም፣ ቀበሌ ያየሁትንም።

ያቀረበችውን ምግብ መልሳ ከደነችው። ከዚያ «የትኛውን ልትነኪ ነበር?» አለች።

«በሬውን።»

«ምነው ጠይቀሽኝ ቢሆን? አስነካሽ ነበር እኮ።»

ይቅር በይኝ አልኳት። ይቅር ማለትና አለማለቱን ተወችውና ወደ ጓዳ ተጣራች። «መርዋ! ነይ እስቲ።»

የዘጠኝ ዓመት ልጇ መጣች። ሃጂራ ሳታየኝ «ለሷ ንገሪያት» አለች። «ስልኬን ስነካካ ‹እማ እጅሽ ያበላሻል› ትለኛለች። ይኼን ከኔ አፍ ነው የሰማችው። አሥራ ሁለት ዓመት እንዲህ እያልኩ ኖሬያለሁ። ለሷ ንገሪያት።»

በዚህ ዕድሜዬ ከልጅ ፊት ቆምኩ። አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ። እናትሽ ያበላሸችው የለም፣ እኔ ነኝ አልኩ። ልጅቷ እኔንና እናቷን ስታፈራርቅ አየች።

«በቃ? ቀኙን እንደገና መጫን ብቻ ነበር?» አለች።

«አዎ።»

«ታዲያ ያኔ ምነው አልተናገሩም?»

እናትየው ያልጠየቀችኝን ልጅቷ ጠየቀችኝ። «አፍሬ» አልኩ። መልስ አልነበረም፣ ግን ያለኝ እሱ ነው። መርዋ ሄዳ ከእናቷ አጠገብ ተቀመጠችና የእናቷን እጅ አንሥታ የራሷ ጭን ላይ አስቀመጠችው።

ሃጂራ እስከ በሩ ሸኘችኝ። ሚኒባሱ የሚቆምበትን አሳየችኝ። ደህና ሁኚ አለችኝ፤ እትዬ አላለችኝም፣ ተመልሰሽ ነይም አላለችኝም። እኔም ተመልሼ አልሄድኩም።