በአፌ ያለፈ የሰው ምስጢር

የያዙኝ ከስልክ ማዞሪያው ላይ ነው። ማዳመጫው አንገቴ ላይ እንዳለ ብድግ አድርገው አወጡኝ። ጫጫ ከተማ ላይ መስመር የሚጠብቅ ደንበኛ ነበረኝና እሱን ሳላገናኝ መሄዴ ለብዙ ጊዜ ቆጭቶኛል። ያስገቡኝ ደብረ ብርሃን ውስጥ የአንድ ቀበሌ የእህል መጋዘን ነበር። እህሉ ወጥቶ እኛ ሴቶቹ ገባንበት። የገብሱ ብናኝ ግን ከግድግዳው አልወጣም፤ አንዷ ስታስነጥስ ሁላችንም እንከተላታለን። ብርዱ ከሲሚንቶው በተኛንበት ጆንያ አልፎ ወገብ ይይዛል።

ክሴን የነገረኝ መርማሪው ነው። መንግሥት የሕዝቡን መገናኛ ከአሻጥረኞች እየጠበቀ ነው፤ እኔ ደግሞ ለአሻጥረኛ መስመር ከፍቻለሁ። በሬዲዮ ጠዋት ማታ ይለፈፍ ስለነበር አባባሉ አዲስ አልሆነብኝም።

አሻጥረኛ የተባለችው አጠገቤ ጆንያ ላይ ተኝታለች። የአሊዩ አምባ ጥጥ ነጋዴ ናት። ልጇን ይፈልጉታል። ከቆላ ድረስ ወጥታ አዲስ አበባ ላለ ወንድሟ የደወለችውም ልጁ የተደበቀበትን ቦታ ልትነግረው ነው።

እዚህ ላይ ስለ ሥራችን ጥቂት ልናገር። በዚያ ዘመን ዝናብ ሲጥል መስመሩ ይደክማል፤ ሁለቱ ሰዎች አይደማመጡም። ያኔ መሐል ያለችው ኦፕሬተር የአንዱን ቃል ተቀብላ ለሌላው ጮክ ብላ ትደግምለታለች። «እንዲህ ትላለች»፣ «እሺ ይላል» እያልን የስንቱን ሰርግ፣ የስንቱን መርዶ በአፋችን አሳልፈናል። ያን ቀንም መስመሩ ደክሞ ነበር። የልጁን መደበቂያ ለአጎቱ የነገርኩት እኔው ነኝ፣ በገዛ አፌ።

ሴትየዋ ይህን ታውቃለች። መጀመሪያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ዋለች። በማግስቱ ለምርመራ ስጠራ ግን ነጠላዬን ያዝ አደረገች።

«እህት ዓለም፣ ያለኝ እሱ ብቻ ነው። ወላሂ ሌላ የለኝም» አለችኝ።

«አውቃለሁ፣ እትዬ» አልኳት።

መርማሪው ዙሪያ ጥምጥም አልሄደም።

«ያን ቀን ስትጮሂ ተራ የሚጠብቁት ሰምተውሻል። ቃሉን አልለዩትም፤ አንቺ ግን ታውቂዋለሽ።»

«አውቀዋለሁ፣ ጓድ።»

ፊቱ በራ። «በይ ንገሪኝ!»

«አልነግርዎትም።»

የጠበቀው «አላውቅም» እንድለው ነበር። ለዚያ መልስ ተዘጋጅቷል፤ ለዚህኛው ግን አልተዘጋጀም። በሩ ላይ ለቆመው ጠባቂ በዓይኑ ምልክት ሰጠው። ከዚያ በኋላ ያለውን አልዘረዝርም፤ ውስጥ እግሬን ዛሬም ብርድ ሲገባ ያመኛል።

«ምንሽ ናት?» አለኝ መርማሪው፣ ጠባቂው መምታቱን ሲያቆም።

ፈርቼ ነበር። ንዴቴ ግን ከፍርሃቴ በለጠ።

«ምኔም አይደለችም። ደንበኛ ናት። እርስዎም ደንበኛ ነዎት፣ ጓድ። ባለፈው ክረምት መስመሩ ደክሞ የእርስዎን ቃል የደገምኩት እኔ ነኝ። እሱንም እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።»

መርማሪው ያየው እኔን ሳይሆን ጠባቂውን ነው። ጠባቂው አለንጋውን እንደያዘ ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመረ።

«ውሰዳት» አለ መርማሪው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

አፌን ለመዝጋት ሲል ሊያስገድለኝ ይችል እንደነበር የገባኝ ከክፍሉ ከወጣሁ በኋላ ነው። ጠባቂው ክንዴን ሊይዘኝ ሲል ከለከልኩት። ግድግዳውን እየተደገፍኩ፣ ቆሜ ገባሁ። ሴትየዋ ዓይኔን አየችና የተኛችበትን ጆንያ አንስታ ደረበችልኝ። «አልሐምዱሊላህ» አለች። ስለ ልጁም ዳግመኛ የጠየቀኝ የለም። ልጁ ዛሬ የልጆች አባት ነው።

አሁን የእህቴ ልጅ አዲስ አበባ ባንክ ውስጥ ትሠራለች። ሥራዋ የሰውን ገንዘብና መረጃ ከኢንተርኔት ሌቦች መጠበቅ ነው። መንግሥትም ሕግ አውጥቶበታል፤ ስልኬም በየጊዜው የምስጢር ቁጥሬን ለማንም እንዳልሰጥ ይመክረኛል። ጥሩ ነው፣ ደስ ይለኛል። ነገር ግን እኔን ያሰሩኝም ጠባቂ ነን የሚሉ ነበሩ። ስለዚህ ስትመጣ እጠይቃታለሁ፤ «አለቃሽ ራሱ የሰው ምስጢር አምጪ ቢልሽስ?» እላታለሁ። ባለፈው ስትመጣ እሷም ጠየቀችኝ።

«ያ መርማሪ ግን በስልክ ምን ነበር ያለው፣ አክስቴ? ሰውየው እኮ ሞቷል።»

«ደንበኛዬ ነበር» አልኳት። «አልነግርሽም።»