ወንድሜን ደግፌ ያስቀመጥሁባት ጧት

ይህችን ነገር ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬያት አላውቅም። ሌላውን ሁሉ ነግሬአለሁ፤ ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን፣ በጉብዝናዬ ወራት የሠራሁትን ሁሉ። እዚህች ላይ ስደርስ ምላሴ ይተሳሰርብኝና "አባቴ፣ የረሳሁትም ይኖራል" ብዬ መስቀል ተሳልሜ እወጣለሁ። ውሸቴን ነው። አልረሳኋትም። እናንተ አታውቁኝም፤ ስለዚህ ለእናንተ ልናገር።

ጋሼ ይግዛው ታላቅ ወንድሜ ነው። አባታችን በጊዜ ስለ ሞተ እሱ እያረሰ እኔን ማርቆስ ልኮ አስተማረኝ። በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ላይ እኔ ደብረ ኤልያስ መምህር ነበርሁ፤ እሱ ከከተማው ወጣ ብሎ በአባታችን መሬት ላይ ነበር። አንድ ቀን ሲያርስ ቀኝ እጁ ደነዘዘ፤ እርፉን ለቀቀ፤ አፉም ተያዘ። ጥቂት ጋደም ሲል ተመለሰለት። ማርቆስ ሐኪም ቤት ወሰድሁት። ሐኪሙ ፈረንጅ ነው፤ አስተርጓሚው እኔ ነኝ። ሐኪሙ ያለውን ከእኔ በቀር የሰማ የለም።

እንዲህ ነበር ያለኝ። ወደ ጭንቅላቱ ደም የሚያደርሰው ትልቁ ሥር እየተዘጋ ነው። እስካሁን ያቆመው፣ ደሙ በቀጫጭን ሥሮች በኩል ዞሮ ስለሚደርስ ነው፤ ዋናው ቦይ ሲደፈን ውኃው በየጎኑ እየሰረገ ማሳውን እንደሚያረጥበው ዓይነት። ግን ያ የጎን መንገድ አቅም የለውም። እንደገና ከያዘው በጀርባው አስተኙት፣ ቀና አታድርጉት፣ ቀና ካለ ደሙ ሽቅብ መውጣት ያቅተዋል፤ እንደተኛ በቃሬዛ አምጡት አለኝ። በደንብ ገብቶኛል። ወንድሜ ግን "ምን አለ?" ቢለኝ፣ "ዕረፍት አድርግ ነው የሚለው" አልሁት።

ለምን? ሴት ልጁን ባንቺአምላክን የይጁቤ ሰዎች ለልጃቸው ጠይቀዋት ነበር። በእኛ አገር ከጋብቻ በፊት ዘር ይጠየቃል። አባቷ ሽባ ሊሆን ነው፣ በቤቱ በሽታ አለ ከተባለ ነገሩ በዚያው ይቀራል። ለእሷ ብዬ ነው እንዳልል ደግሞ፣ ጋብቻውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። የሙሽራው አጎት ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሰው ነበረው፤ እኔም ወደ ማርቆስ ለመዛወር ምራቄን እየዋጥሁ ነበር። ይኸው ነው፤ ከዚህ የሚበልጥ ምክንያት የለኝም።

ሽማግሌዎቹ የመጨረሻውን ቃል ሊቀበሉ የሚመጡ ዕለት ጭጋጉ እስከ ደጃፍ ወርዶ ነበር። ያ ጧት እስከ ዛሬ በሕልም እንዳየሁት ነው የሚመጣብኝ። ከብቱ፣ አጥሩ፣ ዛፉ የለም፤ ነጭ ብቻ ነው። ሚስቱና ልጁ ጓዳ ናቸው። ጋሼ መደቡ ላይ ተቀምጦ ጋቢውን ሲያስተካክል እጁ ወደቀ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። ደንግጬ አጋደምሁት። ቆይቶ ጣቶቹ ተንቀሳቀሱ፣ ድምፁም ከሩቅ እንደሚጣራ ሰው ቀስ እያለ መጣ። ቀና አደረግሁት፤ ጠፋ። መልሼ አስተኛሁት፤ መጣ። ደሙ በዚያች በቀጭኗ መንገድ ሲሄድና ሲቀር በዓይኔ ያየሁ ያህል ነበር። አላወቅሁም እል ይሆን? ማንስ ያምነኛል?

ተጋድሞ ሳለ እንዲህ አለኝ፦ "ወንድም ዓለም፣ እንዲህ ስሆን ይሻለኛል። ሰዎቹን መልሳቸው፤ ሌላ ቀን ይምጡ።"

ያሳደገኝ ሰው የለመነኝ ይህችን ብቻ ነው። በዚያው ቅጽበት ውሻው ጮኸ፤ ነጫጭ ጋቢዎች ከጭጋጉ ውስጥ ብቅ አሉ። "ጋሼ፣ ትንሽ ነው፣ ቻለው" አልሁት። አነሣሁት። እኔ ነኝ ያነሣሁት። ከግድግዳው አስደግፌ፣ በጋቢ ጠቅልዬ፣ በቀኙ ተቀመጥሁና የማይሠራውን እጁን ጋቢው ሥር ያዝሁለት። ሽማግሌዎቹ ደጅ ቆመው በወጉ ተናገሩ። የአባትን ቃል ሲጠብቁ፣ "ጉሮሮው ይዞት ነው፤ ቃሉን በእኔ አፍ ተቀበሉ" ብዬ ልጁን ሰጠሁ። ጋሼ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። ገብተው፣ በልተው፣ ጠጥተው፣ መርቀው እስኪሄዱ ድረስ ደግፌው ቆየሁ። መጀመሪያ ላይ ጣቶቹ ጣቶቼን ጫን ያደርጉ ነበር። ኋላ ላይ ተዉት። መተዋቸውን አውቄአለሁ፤ አውቄም ሚስቱን ለሽማግሌዎቹ ጠላ ቅጂላቸው እያልሁ ነበር።

ሲወጡ አስተኛሁት። ጠበቅሁ። ድምፁ አልመጣም።

ከዚያ በኋላ ጋሼ እስኪሞት ድረስ አልተናገረም፣ እጁም እርፍ አልጨበጠም። አገሩ ዓይን በልቶት ነው አለ፤ እኔም አዎ ብዬ ጠበል አመላለስሁት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ። በቃሬዛ ተሸክሜ ማርቆስ ባደርሰው ይድን ነበር ወይ? እንጃ። ሐኪሙም እርግጠኛ አልነበረም። ግን በዚያች ቀጭን መንገድ ገና ደም ይሄድ ነበር፤ የቆምሁባት እኔ ነኝ።

ትዳሩ ሰመረ። ወደ ማርቆስም ተዛወርሁ። በከንቱ ነው የሠራሁት ብዬ እንኳ ማልቀስ አልችልም፤ የፈለግሁትን ሁሉ አግኝቼበታለሁ።

ባንቺአምላክ ዛሬ የልጅ ልጅ አይታለች። በየፋሲካው ትመጣለች። ልጆቿን ሰብስባ፣ "አባቴ ያን ሁሉ እየታመመ በክብር ተቀምጦ ዳረኝ፤ ደግፎ የያዘው አጎቴ ነው" ትላቸዋለች። ይቅርታ የሚጠየቅ ቢሆን የምጠይቀው እሷን ነበር፤ እናንተንማ ምን አድርጌአችሁ? ዘንድሮም መጣችና ጉልበቴን ሳመች። "አጎቴ፣ ያን ቀን እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጠኝ ነበር?" አለችኝ። አፌን ከፈትሁ። ከዚያ እጄን ራሷ ላይ ጭኜ መረቅኋት።