ከስፌት መኪናው ማዶ

ልብስ ሰፊዋ ሥራ ፈትቶ ቁጭ ብሎ ማስተማር የሚባል ነገር አልሆነላትም። የስፌት መኪናው ካልዞረ ቤቱ ውስጥ ምድጃ አይነድም፤ ልጇ ደግሞ ማንበብ ካልቻለች ትምህርት ቤቱ አንደኛ ክፍል አይቀበላትም። መዋዕለ ሕፃናቱ ሩቅ ነው፣ አድራሽ መላሽ የለም። ስለዚህ ሁለቱንም ሥራ ባንድ ጠረጴዛ ላይ አዋለችው። መጽሐፉን ከመኪናው አጠገብ ዘርግታ፣ ፔዳሉን እየረገጠች፣ በመቀሷ ጫፍ ፊደል እየነካች ታስጠራለች። ልጅቱ በርጩማ ላይ ቆማ ከማዶ ትከተላለች።

"ይቺስ?"

"መ!"

"እሰይ የኔ እመቤት! ይቺስ?"

በዓመቱ ልጅቱ ገጹን ሙሉ ታንበለብለው ጀመር። እናት ራሷ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠች ናትና ኩራቷ ልክ አጣ። ቀሚስ ልታስለካ የመጣች ደንበኛ ሁሉ፣ ቸኮለችም አልቸኮለችም፣ ንባቡን ሳትሰማ ንቅንቅ አትልም ነበር።

የመግቢያ ፈተናው ቀን የትምህርት ቤቱ መምህርት መጽሐፍ ገልጣ ልጅቱ ፊት አኖረችና በጣቷ "ሀ"ን አመለከተች።

"በ" አለች ልጅቱ።

መምህርቷ ወደ "በ" ወረደች።

"ሀ!"

መምህርቷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "እናት፣ ገና አልደረሰችም። ለከርሞ ይዘሻት ነይ።"

"ኧረ በሞትኩት! ታነባለች እኮ! አንብቢ እንጂ አንቺ ልጅ!"

ልጅቱ ግራ ገብቷት አንዴ እናቷን አንዴ መጽሐፉን አየች። ከዚያ መጽሐፉን ወደ ራሷ ሳበችና ቁልቁል ዘቅዝቃ፣ አንድ ቃል ሳትስት ገጹን ከዳር እስከ ዳር ተወጣችው።

መምህርቷ ወደ እናትየው ዞረች። "ስታስተምሪያት የት ነው የምትቀመጪው?"

"መኪናዬ ላይ።"

"እሷስ?"

"ፊት ለፊቴ..." አለች ልብስ ሰፊዋ። ዓመት ሙሉ የልጇን መጽሐፍ ወደ ራሷ አዙራ መክረሟ የገባት ያን ጊዜ ነው። አፈረች።

"መዝግቤያታለሁ" አለች መምህርቷ ሳቋን እየዋጠች። "ትምህርት እስኪከፈት ግን አጠገቧ ተቀምጠሽ አለማምጃት።"

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና፣ ቤት እንደደረሱ ልብስ ሰፊዋ መኪናውን ሸፍና ልጇን ጎኗ አስቀመጠች። ልጅቱ ሁለት መስመር እንኳ ሳትዘልቅ ተነሥታ ወደ ማዶ ዞረች።

"ምነው?"

"እዚያ ስሆን ፊትሽ አይታየኝም።"

ልብስ ሰፊዋ መጽሐፉን አንሥታ ወደ ልጅቱ አዞረችው፤ ራሷ በተዘቀዘቀው ገጽ ላይ አፈጠጠች። የመጀመሪያው ቃል ላይ ተንገዳገደች፣ ሁለተኛውን ጭራሽ ሳተችው።

"አይደለም እማዬ" አለች ያን ገጽ ከልምድ ብዛት በቃሏ የያዘችው ልጅ። "አትቸኩይ። እንደገና በይ።"